ባሕር የነበረ መሬት፦ በጅቡቲ ሜዳና ረግረግ ላይ በእግር ስንሄድ



በእንዲህ ያለ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የማኅበሩ አመሠራረት፣ የሊቃነ መናብርቱ ስምና የአዳራሹ ታሪክ ነው። እሱ በሌሎቹ ገጾች በሚገባ ስለተጻፈ እኛ አንደግመውም። እኛ የምንጽፈው ይህ ሁሉ ስለተሠራበት መሬት ነው። «እኛ» ስንል ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ በእግር የምንሄድ ጥቂት የኮሚኒቲው አባላት ነን። አብዛኞቻችን ባለ ሱቆች ነን፤ ሁለት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞችም አሉን፤ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ልጆች ይከተሉናል። የታሪክ ምሁራን አይደለንም። ነገር ግን ብዙ ዓመት በእግር የሄደበትን መሬት ሰው ቀስ በቀስ ማወቁ አይቀርም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን፤ የምንኖረውም በዚሁ አቆጣጠር ስለሆነ ለልጆቹ ይቀላል።

ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ እዚህ ሲደርስ ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚገርመው ተራራ አለመኖሩ ነው። ከተማዋ ለጥ ያለች ሜዳ ናት። ሆኖም ሜዳ ሁሉ አንድ አይደለም። እግረኛ ብቻ የሚያውቃቸው ከፍታዎች አሉ፤ አንዱ ሦስት ሜትር፣ አንዱ ሁለት ሜትር፣ አንዱ ደግሞ አንድ ክንድ ብቻ። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህ አይታወቀውም። በዚህ ከተማ ግን ዝናብ የመጣ ዕለት ፍራሽህ ደረቅ ሆኖ ማደሩን ወይም መንሳፈፉን የሚወስነው ያቺ አንድ ክንድ ናት።

ነገሩ የመጣው ከአመሠራረቱ ነው። ፈረንሳዮች አስቀድመው የሰፈሩት ከባሕረ ሰላጤው በስተ ሰሜን በኦቦክ ነበር። ገዥው ሌዎንስ ላጋርድ በ1888 ወደ ደቡቡ ዳርቻ ተሻግሮ ጅቡቲን መሠረተ፤ መርከብ ለማቆምም ሆነ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ለሚሄደው የሲራራ መንገድ ይህኛው ይሻል ነበርና። ያን ጊዜ ከተማ የሚባል ነገር የለም። የነበሩት ከባሕሩ ብቅ ብቅ ያሉ የኮራል ድንጋይ ጉብታዎች ናቸው። እስከ ዛሬ ስማቸው ይታወቃል፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፕላቶ ዱ ማራቡ፣ ፕላቶ ዱ ጅቡቲ፤ ወጣ ብሎ ደግሞ የሄሮን ደሴት። ሰርፓን ማለት እባብ ነው፤ ሄሮን ማለት ደግሞ እኛ ሳቢሳ የምንላት ዓይነት ባለ ረጅም እግር የውሃ ወፍ ናት። በጉብታዎቹ መካከል ባሕሩ ሲሞላ ውሃ ይገባል፤ ሲሸሽ ጭቃና አሸዋ ይቀራል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ድንጋይና አፈር እየተሞላ፣ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው የሚያሻግር ከፍ ያለ መንገድ እየተሠራ፣ ደሴቶቹ ተያይዘው አንድ ከተማ ሆኑ። ዛሬ ከመሀል ከተማ ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚሄድ ሰው መንገዱ ቀጥ ያለና በግራ በቀኝ ዝቅ ያለ መሆኑን ካስተዋለ፣ እየሄደ ያለው ሰው በሠራው መሬት ላይ መሆኑን ይወቅ።

ባቡሩም በዚሁ መሬት ላይ ነው የተነሣው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሙሉ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከእኛ ወገን ብዙው ወደዚህ ከተማ የደረሰው በዚያ ሐዲድ ነውና የኮሚኒቲያችን ታሪክ ሲነሣ ባቡሩ አብሮ ይነሣል። አዲሱ ባቡር ግን ከ2017 ጀምሮ ናጋድ ላይ ነው የሚቆመው፤ ወደ ድሮው ጣቢያ አይመጣም። ጡረተኞቻችን በአሮጌው ጣቢያ በኩል ስናልፍ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆማሉ። አንቸኩላቸውም።

ማን የት እንደሰፈረ ማየትም ያስፈልጋል። ገዥውና አውሮፓውያኑ የኮራሉን ጉብታ ያዙ። ነፋስ አለው፤ ውሃም አይተኛበትም። የቀረው ሕዝብ ከጉብታው በታች ባለው ሜዳ ላይ ሰፈረ። በንደር ጀዲድና ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር የሚጠሩት ሰፈሮች የዚያ ሜዳ ልጆች ናቸው። የእኛም ሰው ሲመጣ ቤት የተከራየው በነዚሁ ሰፈሮች ነው። ኪራዩ የረከሰበት ቦታ ውሃ የሚተኛበት መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ግን ገባው።

ከዚሁ ሜዳ ላይ አንዱ ክፍል የጨው ማሳ ነበር። ዛሬ «ሳሊን» የሚለው የሰፈር ስም የቀረው ከዚያ ነው። ካለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ጨው ይመረትበት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ግን ብልኀት አለበት። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በቦይ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ዙሪያውን በአፈር ግድብ በታጠረ፣ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገበታ ላይ ይተኛል። ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ይጠጡታል፤ ጨው ይቀራል። እንደዚህ ያለ አገር ለጨው የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ በዓመት የሚዘንበው ሁሉ ቢደመር 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነውና። ከዚህ የሚወጣው ጨው በባቡር ወደ አገራችንም ይገባ ነበር። አያቶቻችን አሞሌን ትተው የባሕር ጨው ሲለምዱ፣ ከዚያ ውስጥ ዛሬ ልጆቻችን ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ የተዛቀ ሳይኖርበት አይቀርም።

ወደ ሆላንድ የወሰደን አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከ1977 እስከ 78 በነበረው ጦርነትና በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ወገኖቻችን ወደዚህ ተሰድደው፣ ከዚህ ደግሞ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ መሄዳቸው ይታወቃል። ከእነርሱ አንዷ የምትኖረው አልሜር በምትባል የኔዘርላንድ ከተማ ነው። የላከችው ፎቶግራፍ በአንዳችን ሱቅ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ዓመታት አልፈዋል። ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ፣ በመካከሉ ቀጥ ያለ ቦይ፣ በቦዩ ዳር ቀጭን የእግር መንገድ፣ በላዩም የደመና ሰማይ ነው። ደንበኞች አይተው «ይሄ ምን ያምራል፣ ምንም የለበትም እኮ!» ይላሉ። እኛ ግን ወደድነው። ከላሞቹና ከሣሩ በቀር የጨው ማሳችንን ይመስላል።

ያ ሜዳ ባሕር ነበር። አልሜር ያለችበት መሬት ከውሃ ወጥቶ የደረቀው በ1968 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ1976። እንዲህ ያለውን በግድብ ተከቦ ውሃው የተቀዳለት መሬት ሆላንዶች ፖልደር ይሉታል። ከአገራቸው ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ቤምስተር የሚባለውን ሐይቅ በነፋስ ወፍጮ እየቀዱ በ1612 አደረቁት፤ ትልቁን የሃርለም ሐይቅ ደግሞ ከ1849 እስከ 1852 በእንፋሎት ሞተር። ስኺፖል የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያቸው ያለው በዚያ በደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ነው። ከአውሮፕላን የሚወርድ መንገደኛ ድሮ ዓሣ በሚዋኝበት ቦታ ላይ ሻንጣውን ይጎትታል ማለት ነው። ሜዳውን ደግሞ በእግር መሄድ ይወዳሉ። ናይሜኸን በምትባል ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው የአራት ቀን የእግር ጉዞ ከ1909 ጀምሮ የቆየ ነው። በሰሜኑ ዳርቻ ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ በጭቃው ወለል ላይ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ከፊት አስቀድመው፣ ወደ ደሴቶቹ በእግር ይሻገራሉ።

እንግዲህ የጨው ማሳና ፖልደር ዕቃቸው አንድ ነው፤ ግድብ፣ ቦይ፣ በር። ዓላማቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንዱ ባሕሩን አስገብቶ ያደርቀዋል፤ ሌላው አስወጥቶ ይዘጋበታል። በጥልቀቱ ከሆነ ሆላንዶች ሊኮሩብን አይችሉም። የእነርሱ ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 7 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የእኛው ጎረቤት የአሳል ሐይቅ 155 ሜትር በታች ነው፤ ከአፍሪካም የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ እሱ ነው። ልዩነቱ የአሳልን ግድብ ሰው አልሠራውም። የባሕሩን ውሃ የሚከለክለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ በሥሩ እየሰረገ ይገባል፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች።

ከሆላንዶች ነገር በጣም የገረመን ግን ወፍጮውም ፓምፑም አይደለም። የውሃ ማኅበራቸው ነው። ከግድቡ በስተ ኋላ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ገበሬም ሆነ ባለ ሱቅ፣ ለግድቡ ያዋጣል፤ መሪዎቹን ይመርጣል፤ ግድቡን የማይጠግን ይቀጣል። ራይንላንድ የሚባለው ማኅበር በ1255 እንደነበረ ይታወቃል፤ ከመንግሥታቸው ይበልጣል በዕድሜ። ዛሬም በአገሪቱ 21 እንዲህ ያሉ የውሃ ማኅበራት አሉ፤ ግብራቸውን ራሳቸው ይሰበስባሉ። ይህ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ለእኛ ሰው ብዙ ቃል አያስፈልግም። እድር ነው። ለሬሳ ሳይሆን ለውሃ የቆመ እድር። እንደዚያም ሆኖ በ1953 ከጥር ወር መጨረሻ ወደ የካቲት በሚያሻግረው ሌሊት ባሕሩ ግድባቸውን ሰብሮ 1836 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ ገብተው የመጨረሻውን ትልቁን የባሕር በር የጨረሱት በ1997 ነው። አርባ አራት ዓመት ፈጀ።

ሆላንዶች ወደ እኛም አገር መጥተው እንደነበረ ወጣቶች ላያውቁ ይችላሉ። ከመካከላችን ወንጂ ተወልደው ያደጉ ስላሉ ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ሕዝቡ በአጭሩ ኤችቪኤ የሚለው የአምስተርዳም ኩባንያ በኢንዶኔዥያ የነበረው የሸንኮራ እርሻ ነገር ሲበላሽበት፣ በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። የተሰጠው ቦታ በአዋሽ ዳር ያለው የወንጂ ሜዳ ነበር። በክረምት ረግረግ የሚሆን፣ የወባ አገር፣ የጂሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚግጥበት መሬት ነበር። ሆላንዶቹ የሚያውቁትን ሠሩ፤ ቦይ ቆፈሩ፤ ከወንዙ በኩል ግድብ አቆሙ፤ ረግረጉን አጠነፈፉ። በ1954 ፋብሪካው ስኳር አወጣ፤ በ1962 ወንጂ ሸዋ ተከተለ፤ ቀጥሎም መተሐራ። በ1975 ደርግ ወረሰው። በሱቃችን ስኳር በሰፈርን ቁጥር ትዝ የሚለን ይህ ነው።

ሁሉም ግን ደግ አልነበረም። ከብት አርቢዎቹ መሬታቸውን አጥተዋል። ሠራተኛው ይጠጣው የነበረው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበረ የብዙዎችን ጥርስ አጥቁሯል፤ ለብዙ ዓመት የጠጡትን አጥንታቸውን አጉብጧል። የቆቃ ግድብ በ1960 ከተሠራ በኋላ ጎርፉ ቢቀንስም ክረምቱ ሲከብድ ከቆቃ የሚለቀቀው ውሃ ዛሬም ወንጂን ያሠጋል። ረግረግን ማድረቅ ማለት ውሃውን ማጥፋት አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ነው።

ወዴት እንደተላከ ለማየት አዋሽን መከተል ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ባሕር ግን አይደርስም። የሚያልቀው በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው የአቤ ሐይቅ ነው። በዲኪል በኩል ሄደን አይተነዋል። የኖራ ድንጋይ ዓምዶቹ እንደ ፈረሰ ቤተ መንግሥት ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ እንፋሎት ይተነፍሳሉ፤ ዳርቻው ላይ ፍላሚንጎ ይሰማራል። በእግር የሚሄዱበት ሰፊ ሜዳ ትናንት የሐይቁ ወለል ነበር። ሐይቁ ባለፉት ሰባ ዓመታት በጣም አንሷል፤ አንዱ ምክንያት በላይኛውና በመካከለኛው አዋሽ ለሸንኮራና ለጥጥ የሚጠለፈው ውሃ ነው። ስለዚህ በወንጂ የጣፈጠው በአቤ ጎድሏል። በሌላ በኩል ከ2017 ጀምሮ በሶማሌ ክልል ከሀዳጋላ የሚቀዳ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ መጥቷል። ወንዛችን እዚህ ሳይደርስ ቢቀርም የጉድጓዳችን ውሃ ደርሷል። የእኛ ሴቶች ቡና ሲያፈሉበት «ይሄ እንኳ የአገር ቤት ውሃ ነው» ይላሉ።

አሁን ወደ ከተማችን ጎርፍ እንመለስ፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገንም እሱ ነው።

ወዲ አምቡሊ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ፍየል ይሻገረዋል፤ በዳርቻው የአምቡሊ አትክልት ቦታዎችና የተምር ዛፎች አሉ። የከተማዋ የመጠጥ ውሃም ለረጅም ዘመን የመጣው ከዚሁ አካባቢ ጉድጓዶች ነው። እንግዳ ሰው ወንዝ ነው ብለው ቢነግሩት ይስቃል። ችግሩ ዝናቡ የሚዘንበው እዚህ ሳይሆን በስተ ላይ ባሉት ኮረብቶች መሆኑ ነው። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ውሃ አይጠጣም። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። በ1994 ከባድ ጎርፍ ነበር። በሚያዝያ ወር 2004 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ50 በላይ ሰው ገደለ፤ በወንዙ ዳር በቆርቆሮና በሣጥን እንጨት የተሠሩ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2006፣ ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ተመሳሳዩን አደረገ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ድሬዳዋ ዘመድ የሌለው የኮሚኒቲያችን ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ የዚያን ሰሞን ለቅሶ የተቀመጥንባቸውን ቤቶች ቁጥር አንረሳም። በኅዳር 2019 ደግሞ በጅቡቲ ከተማ በአንድ ቀን የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ ወረደ።

ባለ ሱቅ ጎርፍን የሚያውቀው በራሱ መንገድ ነው። ስኳርና ጨው ውሃ ከነካቸው አለቀላቸው። ጤፍ ከሥሩ ያለው ጆንያ ብቻ የረጠበ ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከላይኛውም ይሸታል። በርበሬ ይሻግታል። የቆርቆሮ ምግብ ይተርፋል፤ ወረቀቱ ስለሚላጥ ግን አናናሱ ይሁን አተሩ ሳይታወቅ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። የዱቤ ደብተር ከረጠበ ደግሞ ያኔ ነው ሰው የሚታወቀው። ለዚህም ነው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ የምንተወው፤ ጆንያውንም በእንጨት ፓሌት ላይ የምንደረድረው፤ ደብተሩንም በላስቲክ ጠቅልለን ከላይ የምንሰቅለው።

በ2019 ውሃው ከተነሣ በኋላ በሰፈሮቹ ስንዘዋወር አንድ ነገር አየን። ሰው ሁሉ ደጃፉን ከፍ አድርጓል። አንዱ በሲሚንቶ ደፍ ይሠራል፤ አንዱ ግቢውን በአፈር ይሞላል። ከፍ ያደረገው ቤት ይድናል፤ ውሃው ግን የትም አልሄደም፤ ወደ ቀጣዩ ደጃፍ ነው የሄደው። በቀጣዩ ዓመት ጎረቤቱ ደግሞ ከእሱ አንድ ጡብ ያስበልጣል። በአንድ መንገድ ላይ አራት ዓይነት ከፍታ ያላቸውን ደፎች ቆጥረናል። የመጨረሻዋ፣ ዝቅተኛዋ፣ ሁልጊዜ በቅርብ ጊዜ የመጣች ተከራይ ቤት ናት፤ አብዛኛውን ጊዜም የእኛ ልጅ ናት፤ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር። ሆላንዶች ከ800 ዓመት በፊት የደረሱበት ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ውሃን ማሸነፍ አይችልም፤ ለጎረቤቱ ያስተላልፈዋል እንጂ።

ለዚህ ነው ትንሽ ሥራ የጀመርነው። የ2019 ውሃ የደረሰበትን ከፍታ በየሱቆቻችን መቃን ላይ በቀይ ቀለም አመለከትን። ከዚያ በዓርብ ጉዞዎቻችን የምናውቃቸውን ሰዎች ቤት እየጠየቅን በደብተር ጻፍነው፤ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት፣ ወገብ እያልን። የምሕንድስና መለኪያ አይደለም። ሆኖም ደብተሩን ከፍቶ ያየ ሰው ጉልበት ያሉት ቤቶች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ያገኛል። ጡረተኞቻችን ሲያዩት ከተማው ከመሠራቱ በፊት ባሕሩ ሲሞላ ይገባበት የነበረ ቦታ ነው አሉ። ውሃው የድሮ መንገዱን አልረሳም። አሁን ቤት ሊከራይ የመጣ ወገን ካለ ደብተሩን እናሳየዋለን፤ ያለ ዋጋ።

ጥሩውንም እንናገር፤ ይህ ሜዳ ጭንቀት ብቻ አይደለምና። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ከሀራሙስ ጀምሮ በባሕሩ ዳርቻ እስከ ሎያዳ ድንበር የሚሄደው ረግረግና ጭቃ ሜዳ በ2002 በዓለም አቀፉ የራምሳር ስምምነት መዝገብ ገብቷል። ስፋቱ 3000 ሄክታር ነው፤ በጅቡቲ በዚህ መዝገብ የገባ ቦታም እሱ ብቻ ነው። እዚህ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት እስከ 3 ሜትር ይደርሳል፤ መሬቱ ደግሞ ለጥ ያለ ስለሆነ ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ርቆ ነው የሚሄደው። የሚቀረው እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሸርጣን የሚርመሰመስበት ወለል ነው። ፍላሚንጎ አለ፤ ሳቢሳ አለ፤ በአብዛኛው ሸርጣን እያደነ የሚበላ ጥቁርና ነጭ ወፍም አለ። በብርዱ ወራት ከአውሮፓ ሰሜን የሚመጡ ትንንሽ የጭቃ ወፎች ይሞሉታል። የአልሜሯ እህታችን እንዲህ ያሉ ወፎች በእሷም ዘንድ በበጋ እንደሚታዩ ጽፋልናለች። ወፎቹ ያለ ቪዛ ነው የሚመላለሱት ብለን መለስንላት።

በዚያ ሜዳ መሄድ ደስ ይላል። ድምፅ የለም። ልጆቹ በመጀመሪያ «ምን አለ እዚህ?» ይላሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ሸርጣን ማባረር ይዘው አይመለሱም። የሚያሳዝነው ቤትና አጥር በየዓመቱ ወደ ውስጥ መግፋቱ፣ ቆሻሻና ላስቲክም በነፋስ መከማቸቱ ነው። ረግረግ ለብዙ ሰው ባዶ ቦታ ይመስለዋል።

ስለ ሌላው ረግረግ ግን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከኦቦክ በስተ ሰሜን፣ ጎዶሪያ የሚባል የማንግሮቭ ዛፍ ያለበት ዳርቻ አለ። ዛፎቹ ሥራቸውን በጨው ውሃ ውስጥ የተከሉ ናቸው፤ ለወፍና ለዓሣ መራቢያ የታወቀ ውብ ቦታ ነው። ወደ የመን የሚሻገሩ ወጣቶቻችን በጀልባ የሚጫኑትም በዚያው አካባቢ ነው። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይ ተነሥተው፣ በዲኪል በአሳል በታጁራ አድርገው፣ ያንን ሁሉ ሜዳ በእግራቸው ይሄዱታል፤ ውሃ በሁለት ሊትር የዘይት ጀሪካን ይዘው። እኛ ለጤናችን የምንሄደውን እነርሱ ለእንጀራ ይሄዱታል። በጥር 2019 መጨረሻ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰው ሞተ። በሚያዝያ 2024 እዚያው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ፤ ከየመን በኩል ሲመለሱ የነበሩ ነበሩ፤ ከ50 የሚበልጥ ሬሳ ወጣ። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። ላጋርድ ጥሎት የወጣው ኦቦክ ዛሬ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያወራ ወጣት የሞላበት ከተማ ሆኗል። በጅቡቲ መንገድ ላይ ጫማው አመድ የመሰለ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ወደ ሱቃችን ሲገባ ከየት እንደመጣ አንጠይቀውም። ውሃ እንሰጠዋለን፤ ስልክ እንሰጠዋለን እናቱ ጋ እንዲደውል፤ በኦቦክ ስላለው የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት የመመለሻ ቦታም እንነግረዋለን። አንዳንዱ ይሰማል።

ከእኛ ጋር መሄድ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ጥቂት ነገር እንጨምር። ጉዞ የምናደርገው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ካምሲን ሲነፍስ ከቤት መውጣት አይቻልም። ክፍት ጫማ አይሆንም፤ የኮራል ስባሪ እግር ይቆርጣል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ጭቃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ካሰመጠ በመጡበት እግር መመለስ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ተከትሎ መሄድ ደስ ቢልም ሲመለስ ከኋላ በኩል በዝቅተኛው ቦይ ቀድሞ ስለሚገባ፣ ሽሽቱ ካበቃ በኋላ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አንጨምርም። በአየር ማረፊያውና በጦር ሰፈሮቹ አጥር አጠገብ ካሜራ አይወጣም። ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፤ ለልጆች ኮፍያ።

መነሻ ሰዓቱ እንደ ባሕሩ ሽሽት ስለሚለዋወጥ በየሳምንቱ ረቡዕ በሱቆቻችን በር ላይ ይለጠፋል። ደብተሩም እዚያው ስላለ ቤታችሁን ያላስመዘገባችሁ ስትመጡ የ2019ኙን ውሃ ልክ ንገሩን። ቡናው ከጉዞው መልስ ነው።